ስለ በዓል ደስታና ስለ መናፈሻ ስፍራ ዘፈን

በዓል በደረሰ ጊዜ፥ ይልቁንም በዓሉ ከቅዳሜና ከእሑድ ጋር ተያይዞ ዕረፍቱ በረዘመ ጊዜ፥ በከተሞቻችን መናፈሻ ስፍራዎች ዘፋኞችና የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾች በሕዝብ ፊት ቆመው ሲጫወቱ መዋላቸውና ማምሸታቸው የተለመደ ሆኗል። ልማዱ በአዲስ አበባ የቆየ ነው፤ በግዮን ሆቴል የአትክልት ስፍራ በዓልን ምክንያት እያደረገ የሚሰናዳውን የሙዚቃ ዝግጅት ያልሰማ የዋና ከተማው ነዋሪ ብዙ አይገኝም። ከዋና ከተማው ውጭም ቢሆን ጥር 13 ቀን 2010 ዓ. ም.፥ ከጥምቀት በኋላ በዋለው እሑድ፥ ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን በባሕር ዳር ስታዲየም በዘፈነ ጊዜ የተሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ እንደ ነበረ ይታወሳል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ስለ ሆኑ፥ በመንገዱ በሁለቱ ጫፍ የሚደረገው ሁሉ በመካከል ላሉት ሳይደርሳቸው አይቀርም።

ከዚህም የተነሣ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፥ ክርስቲያን በበዓል ቀን ቅዳሴ አስቀድሶ፥ ጠበልና ጸዲቁን ቀምሶ፥ ከቀትር በኋላ ወደ መናፈሻው ሄዶ ዘፈን ቢሰማ በደል ነውን? በዚያ ቆሞ የሚዘፍነውስ ሰው ከንስሐ አባቱ ምን መልስ ሊሰጠው ይገባል? የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚህ የከበደ ነው። በመንደሩ ሐዘን ተቀምጦ ሳለ፥ ከመናፈሻው የሚወጣው የድምፅ ማጉያ ለቅሶውን ያሸነፈው እንደ ሆነ፥ ሁለቱን ወገኖች፥ ማለት ሐዘንተኛውንና ተድላ ፈላጊውን፥ በአንድ ደብር የምንጠብቅ እኛ ካህናት ምን እንላለን?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት አጫጭር መልሶች በየቦታው ይሰማሉ። አንደኛው «ዘፈን ኃጢአት ነው፤ ነገሩ አልቋል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሕዝብ በሥራ ደክሞ በሚዝናናበት ነገር ካህን ምን አገባው» የሚል ነው። የፊተኛው ለችኩል ሰባኪ፥ የኋለኛው ለነጋዴ ይመቻል። ሁለቱም ግን ጠያቂውን ከደጅ የሚመልሱ ናቸው እንጂ ወደ ቤት አስገብተው የሚያስተምሩት አይደሉም።

ስለዚህ አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። በግዕዝ ዘፈነ ማለት ዛሬ በከተማ እንደምናውቀው በድምፅ ማቀንቀን ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በእግር መርገጥን፥ መዝለልን፥ ማሸብሸብን ያመለክታል። በ1954 ዓ. ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ይኸው ቃል በማይመሳሰሉ ስፍራዎች ተጽፎ እናገኘዋለን። ንጉሥ ዳዊት ታቦቱ ወደ ከተማው በገባ ጊዜ ያለ ኀፍረት ዘፈነ፤ ሜልኮል በመስኮት አይታ ናቀችው፤ የተወቀሰችው ግን እርስዋ ናት እንጂ እርሱ አይደለም። የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ የልደት በዓል ዘፈነች፤ የዘፈንዋም ዋጋ የመጥምቁ የዮሐንስ ራስ ሆነ። ጠፍቶ የነበረው ልጅ በተመለሰ ጊዜ በአባቱ ቤት መሰንቆና ዘፈን ነበረ፤ ይህንም በምሳሌ የነገረን ጌታችን ራሱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ለሮሜና ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ዘፈንን ከስካር ጎን አቁሞ ከጨለማና ከሥጋ ሥራ ጋር ቈጠረው።

ሐዋርያው በጻፈበት በግሪክኛው ቋንቋ በዚያ ስፍራ የተቀመጠው ቃል ኮሞስ የሚል ነው። ኮሞስ ማለት ሰዎች ከግብዣ ላይ ሰክረው ተነሥተው፥ ችቦ ይዘው፥ በሌሊት በመንገድ እየጮኹና እየዘፈኑ የሚዞሩበት ሥርዓት የለሽ ጭፈራ ነው። እንግዲህ ሐዋርያው ያወገዘው ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይገለጣል። በውስጡ መጠጥ አለ፤ ሌሊት አለ፤ የተኛውን የሚቀሰቅስ ጩኸት አለ። ይህን ሁሉ ትተን ቃሉን ብቻ ይዘን ብንፈርድ ዳዊትን ከሄሮድያዳ ልጅ ጋር በአንድ ገመድ እናስራለን፤ የአባትንም ቤት ከሄሮድስ ቤት አንለየውም።

ታዲያ ልዩነቱ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ይታገሠን፤ የጽሑፋችን ሐሳብ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና። በሄሮድስ ግብዣ ጊዜ ዮሐንስ ወዴት ነበረ? በእስር ቤት ነበረ። ራሱ ግብዣው ሳይፈታ በወጭት ከመቅረቡ የተነሣ እስር ቤቱ ከአዳራሹ ሩቅ እንዳልነበረ እንረዳለን። ከዘፈኑ በታች እስረኛ ነበረ፤ ከተጋባዦቹ ግን ጆሮውን ወደዚያ የጣለ አልነበረም። ወደ አባትየው ቤት እንመለስ። በዚያም ዘፈን አለ፤ በዚያም ከውጭ የቆመና ልቡ ያዘነ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ታላቁ ልጅ ነው። ሐዘኑ የቅንዓት ሐዘን ነበረ፤ ይሁን እንጂ ሐዘን ነበረ። አባትየው ምን አደረገ? የግብዣው ጌታ ሳለ ከመሰንቆውና ከዘፈኑ መካከል ተነሥቶ፥ ወደ ውጭ ወጥቶ፥ የተቀየመውን ልጁን ይለምነው ጀመር። ሁለቱ ቤቶች የሚለያዩት አንዱ ዘፈን ስላለበት፥ ሁለተኛው ስለሌለበት አይደለም። በአንደኛው ቤት ደስታው ከውጭ ላለው ሰው ሲል ይነሣል፤ በሁለተኛው ቤት ግን የውጭው ሰው ስለ ደስታው ይገደላል።

የሲራክ መጽሐፍም ይህንኑ ሁለት ወገን ያለው ትምህርት ያስተምረናል። ይኸው ጠቢብ በአንድ ስፍራ፥ ሽማግሌ በግብዣ ላይ ቢናገር በልክ ይናገር፥ ዘፋኞቹንም አያውክ ብሎ ይመክራል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ ጊዜውን ያልጠበቀ ንግግርን በለቅሶ ቤት ከሚሰማ ዘፈን ጋር ያነጻጽረዋል። አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ጠቢቡን በግማሹ አንብቦታል። ነቢዩ አሞጽም በሰማርያ ባለጠጎች ላይ ሲነሣ በበገና ማቀንቀናቸውን፥ እንደ ዳዊትም የዜማ ዕቃ መሥራታቸውን ይቈጥራል፤ ነገር ግን ክሱን የሚደመድመው ስለ ዮሴፍ ጥፋት አለማዘናቸውን በመናገር ነው። የዜማው ዕቃ የዳዊት ነው፤ ልቡ ግን የዳዊት አልነበረም።

ይህን የምንለው ዜማን የምንንቅ ሆነን አይደለም። ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት መካከል ቤተ ክርስቲያናችን ያህል ለዜማ የምትደክም ብዙ አትገኝም። ዘንጉን፥ ጸናጽሉን፥ ከበሮውን በታቦት ፊት ያቆመች እርስዋ ናት። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ማኅሌታይ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት በዘመረ ጊዜ የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሳለ ዘማሪውም ንጉሡም ሳያውቁት እንደ ቆዩ ገድሉ ይነግረናል። በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ የተከፈለውን ዜማ ጠንቅቆ ለመማር የሰው ዕድሜ እኩሌታው አይበቃም፤ ይህን በድጓ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን ይህች ዜማ ወዳድ ቤተ ክርስቲያን ዜማዋን ዝም ማሰኘትም ታውቃለች። ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ከበሮውና ጸናጽሉ ይሰቀላሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይባላል። መሪጌታው ከበሮ መምታት ስላቃተው፥ ወይም ከበሮ ኃጢአት ስለ ሆነ አይደለም። ከበሮው የሚመታበት ቀን የሚከብረው የማይመታበት ቀን ስላለው ነው። የትንሣኤ ሌሊት ከበሮ የሰውን አጥንት ሰርስሮ የሚገባው ከፊቱ ሃምሳ አምስት ቀን ዝምታ ስለ ቀደመው ነው። ቅኔውም ቢሆን እንዲሁ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ከመቀኘቱ አስቀድሞ ከጓደኞቹ ተለይቶ፥ ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ገደል አፋፍ ሄዶ፥ ብቻውን ቅኔ ይቈጥራል። በዚያን ጊዜ የሚያናግረው ሰው ቢመጣ እንደ ሌባ ይታያል፤ የተማሪው ሀብት ያ ዝምታ ነውና።

የገጠሩ ሕዝብ ደግሞ ይህን ሥርዓት ሳይጻፍለት ይጠብቀዋል። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ የዘፈን ጠላት ሆኖ አያውቅም። በቆሎውን ሲኰተኵት፥ ጤፉን ሲያጭድ በደቦና በወንፈል ይዘፍናል፤ በሠርግ ይዘፍናል፤ ልጆቹ በቡሄና በእንቍጣጣሽ በየደጁ እየዞሩ ይዘፍናሉ። በጥምቀት ጊዜ የሚታየውን እናስተውል። ታቦታቱ በጥር 11 ቀን ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለሱ በመካከል ካህናቱ በጸናጽልና በከበሮ ያሸበሽባሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይዘምራሉ፤ ከዚያም ውጭ ከየቀበሌው የመጣው ጎረምሳ ዱላውን ይዞ ይጨፍራል፥ ልጃገረዷም ታዜማለች። የዘፈናቸው ቃል ሁሉ መንፈሳዊ ነው ብሎ የሚምል ካህን ካለ ጎረምሳ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። አባቶቻችን ግን ይህን ሕዝብ ከታቦቱ አላባረሩትም። ይልቁንም ሥርዓት ሰጡት፤ ይኸውም ታቦቱ ሲቆም ጭፈራው ይቆማል፤ መምህሩ ለማስተማር ሲነሣ ሁሉም ዱላውን ተደግፎ ዝም ይላል፤ ታቦቱ ሲነሣ እንደ ገና ይጀምራል። ዓለም በታኅሣሥ 2012 ዓ. ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የጻፈው የጥምቀት በዓላችን በዚህ ሥርዓት የሚከበር ነው። እንግዲህ ሜዳው ከመናፈሻው በፊት የሕዝቡ መናፈሻ ነበረ ብንል አልተሳሳትንም፤ በዚያ የሚሰማው ዘፈን ግን መቼ መቆም እንዳለበት ያውቃል።

የለቅሶውም ሥርዓት እንዲሁ ነው። ሰው ሲሞት በከተማ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በማለዳ እየዞረ ያሰማል፤ በገጠር ከኮረብታ ላይ የሚጣራ ሰው ድምፁን ይልካል። ሠርግ የደገሰ ጎረቤት በዚያ ሰሞን ሐዘን ቢደርስ ሽማግሌ ይዞ ወደ ሐዘንተኛው ይሄዳል፤ «እህሉ ተፈጭቷል፥ ጠላው ተጠምቋል፥ እንግዳውም ተጠርቷል፤ ምን እናድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። ሐዘንተኛውም አብዛኛውን ጊዜ «የናንተም ደስታ የኛ ነው፤ ቀጥሉ» ብሎ ያሰናብታል። ሠርገኛው ተፈቅዶለት ሳለ እንኳ በዚያ ቤት ደጅ ሲያልፍ ከበሮውን ያሳርፋል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ነገር ሐዘንተኛው መፍቀዱ ብቻ አይደለም፥ መጠየቁ ነው። ያልተጠየቀ ሐዘንተኛ ሁለት ጊዜ ይሞትበታል። የቡሄ ልጆች እንኳ ሐዘን የተቀመጠበትን ደጅ ያውቁታል፤ አይተው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

አሁን ወደ መናፈሻው እንምጣ። መናፈሻው አጥር አለው፤ በሩ ላይ ትኬት ይሸጣል፤ ዘፋኙና ኦርጋን መቺው ውል ተዋውለው ይመጣሉ፤ ወጪውን የሚመልሰው ከትኬቱ ይልቅ የሚጠጣው ቢራ ነው። በመድረኩ ግራና ቀኝ የሚቆመው፥ ሕዝቡ ሞንታርቦ የሚለው ድምፅ ማጉያ፥ ከአጥሩ ውስጥ ላለው ሰው ብቻ የተሠራ አይደለም። ትኬቱን ያልገዛውም በቤቱ ተቀምጦ እንዲሰማ ይገደዳል። አጥሩ ሰውን ይከለክላል እንጂ ድምፁን አይከለክልም። በሜዳው ላይ ግን ተቃራኒው ነበረ፤ ሰው ሁሉ ያለ ከልካይ ይገባል፥ ድምፁም ከሰው ጕሮሮ የሚወጣ ስለ ሆነ ከሜዳው ብዙ አይርቅም። እኛ ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው በዘፈኑ ውስጥ ያለውን ቃል አይደለም፤ ቃሉ ነውረኛ ከሆነ ክፋቱን ልጆችም ያውቁታል፥ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። የምንፈራው የጥሩምባ ነፊው ድምፅ እንዳይሰማ የሚያደርገውን ነው። ሰው የጎረቤቱን ሞት ሳይሰማ ውሎ ሲያመሽ ነገ በቀብር ላይ «አልሰማሁም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። አለመስማት ሳይሆን እንዳይሰሙ ሆኖ መኖር ነው በደሉ።

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ. ም. ከስደት ተመልሰው በጎጃም በኩል ወደ ዋና ከተማቸው ሲጓዙ የዛሬውን ስም እንዳወጡላት ይነገራል፤ ትርጓሜውም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ይህች ባለ መልካም ስም ከተማ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ. ም. ያየችውን ማንም አይረሳውም። ቀኑ እሑድ ነበረ፤ የፍልሰታ ሱባዔ ነበረ፤ የእመቤታችን የጽንሰቷ በዓልም ነበረ። የአየር ጥቃት ነው በተባለ አደጋ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች እንደ ሞቱ፥ ብዙዎችም እንደ ቈሰሉ በወቅቱ ተነግሯል። ከዚያ ክረምት ወዲህ በዚያ አገር፥ በቡሬም፥ በጅጋም፥ በማንኩሳም፥ በደምበጫም ሐዘን ያልገባበትን ቤት መፈለግ ድካም ነው። የሞተው የማን ወገን እንደ ሆነ መጠየቅ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ እናት በምታለቅስበት ቋንቋ ወገን የለም።

እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር ላይ የበዓል ዘፈን ሊሰማ ይገባል ወይስ አይገባም? እዚህ ላይ ከሚያመዛዝኑ ሰዎች ሁለት ተቃውሞ ይቀርባል፤ ሁለቱም ሚዛን የሚደፋ ነው። የመናፈሻው ባለቤት እንዲህ ይላል፦ «በከተማ ሰው የማይሞትበት ቀን የለም፤ ስለ እያንዳንዱ ለቅሶ ብዘጋ መቼ ልከፍት ነው? የማሳድራቸውስ ሠራተኞች ምን ይብሉ?» ሌላው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ወጣቱ ለዓመታት የሰማው የጥይት ድምፅ ነው፤ አንድ ቀን የክራር ድምፅ ቢሰማ ምን ይጎዳችኋል? ሐዘን ብቻውን ሰውን ያሳብዳል።»

ለፊተኛው የምንሰጠው መልስ ከገጠሩ ሥርዓት የተወሰደ ነው። ሠርገኛው የሚጠይቀው ጎረቤቱን ነው እንጂ አገሩን ሁሉ አይደለም። መናፈሻውም ድምፁ እስከሚደርስበት ድረስ ያለውን ጎረቤት ይጠይቅ። ድምፁ ሩቅ እንዲደርስ የፈለገ ሰው ጎረቤቱ የበዛ መሆኑን ይወቅ፤ ጥያቄውም እንደ ድምፁ ይርዘም። ጥያቄው የሚከብደው ከሆነ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ ያድርግ፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ያንሳል፥ ሥራውም ይቀልለታል። ይህ ሕግ ለኛም እንደ ሆነ አንርሳ። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጕልላት ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከመናፈሻው ጋር ሲፎካከር ቢያድር፥ በመካከል ለተኛው ሕመምተኛ የትኛው መዝሙር የትኛው ዘፈን እንደ ሆነ አይለይለትም።

የኋለኛው ተቃውሞ ይበልጥ ልብ ይነካል። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የተቀመጡት ምርኮኞች የማረኳቸው ሰዎች ዘምሩልን ባሏቸው ጊዜ እምቢ ማለታቸውን መዝሙረኛው ነግሮናል። በዚያ መዝሙር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፍ ነገር አለ፤ በገናቸውን በዛፍ ላይ ሰቀሉት እንጂ አልሰበሩትም። ሊዘምሩ ያልወደዱት ዜማን ጠልተው ሳይሆን፥ ሐዘናቸውን እንደ መዝናኛ ለሚቈጥር ሰው መዘመር ስላልሆነላቸው ነው። ስለዚህ በሐዘን አገር ያለ ወጣት ክራሩን እንዲሰብር አንመክረውም። የማን ሐዘን ተረስቶ እንደሚመታ ግን ይመልከት። በሐዘንተኛው ፈቃድና በሐዘንተኛው ፊት የሚሰማ ዜማ ሐዘንን ሲያቀል አይተናል፤ በአገራችን ሙሾ አውራጇም አልቃሿም ባለ ዜማ ናቸው።

የአገራችን የሙዚቃ ታሪክም ይህን የሚመስል ምስክር አለው። በ1916 ዓ. ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፥ ወላጆቻቸው በአርመኖች እልቂት ያለቁባቸውን፥ በአርመን ገዳም ያደጉ ልጆች መለከት ሲነፉ ሰምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። በአደባባይ በዓሎቻችን ላይ በመለከት ከተጫወቱት ቀዳሚዎች መካከል እነዚህ አርባ ልጆች የተባሉት ናቸው። የዘመናዊ ሙዚቃችን አንዱ መሠረት እንግዲህ በወላጅ አልባ ልጆች እስትንፋስ የተጣለ ነው። በዚያው ዓመት የተወለዱት፥ በ2015 ዓ. ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በምንኵስና ሳሉ ፒያኖ ደርሰዋል፤ ከመጀመሪያው ሸክላቸው የተገኘውም ገንዘብ ለወላጅ አልባ ልጆች መርጃ ሆኗል። ስለ አዝማሪም ቢሆን አንድ ነገር መታወስ አለበት። በ1929 ዓ. ም. ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ ግራዚያኒ እየዞሩ የሚያዜሙትን አዝማሪዎች እየያዙ እንዲገድሏቸው አዘዘ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስን መነኰሳት አስፈጀ። ጠላት አዝማሪውንና መነኵሴውን በአንድ ሰሞን የፈራቸው ሁለቱም ሕዝቡ የሚሰማቸው ስለ ሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ አዝማሪን በደጃችን ሲያልፍ እንደ ውሻ የምንገሥጸው ለምንድር ነው?

ስለዚህ ለሚጠይቁን ካህናት ወንድሞች የምንለው ይህ ነው። እኛ ካህናት ወደ መናፈሻው ዘፈን አንሄድም፤ የሎዶቅያ ጉባኤ ካህን በሠርግ ግብዣ ላይ ተጫዋቾች ከመግባታቸው በፊት ተነሥቶ እንዲሄድ ሥርዓት ሠርቷልና። ጉባኤው ካህኑን ተነሣ አለው እንጂ ተጫዋቾቹን ከሠርግ ቤት አባርር አላለውም፤ ይህንም ልብ ማለት ይገባል። በዋዜማ ሌሊት የሚደረገውን ዝግጅት ግን በግልጥ እንቃወማለን፤ በዚያ ሰዓት ማኅሌት ተቁሟል፥ ጾሙም አልተፈታም። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በቍስጥንጥንያ፥ ጌታ በተሰቀለባት ዓርብ ቀን እንኳ ቤተ ክርስቲያንን ትተው ወደ ፈረስ ግልቢያው የሮጡትን አጥብቆ ገሥጿቸዋል፤ የኛም ቃል ከዚያ የለዘበ ሊሆን አይገባውም። ከቅዳሴ በኋላ በቀን፥ ሳይሰክር፥ ከልጆቹ ጋር ሄዶ የሰማውን ምእመን ግን በዚህ ብቻ ከሥጋ ወደሙ አናርቀውም። ምግባር ነው ብለንም አናመሰግነውም፤ ከጎረቤቱ ለቅሶ ቀርቶ እንደ ሆነ ግን እንጠይቀዋለን።

በመናፈሻ እየዘፈነ እናቱን የሚጦር ልጅ ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶ ሥራዬን ልተው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፥ ነገ የሚበላውን ሳያዘጋጁለት ተው ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ለስካር መሸጫ የሚሆነውን፥ ሰውን የሚያዋርደውን ዘፈን ከአፉ እንዲያወጣ ልንጠይቀው መብት አለን። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር እንጠይቀው፤ ውል ሲዋዋል «ሐዘን ቢደርስ አቆማለሁ» የሚል ቃል ያስገባ። ባለቤቱ እምቢ ካለው በዚያ መናፈሻ አይዝፈን፤ ዋጋውን ለሐዘንተኛው የከፈለ ያህል ይቈጠርለታል። ይህን ቃል የሚያስገባ አንድ ዘፋኝ ቢገኝ፥ ከመቶ ስብከት ይልቅ ሌሎቹን ያስተምራል ብለን እናምናለን።

ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤዎችም የምንመክረው አለ። በዓል ከመድረሱ በፊት ከእድሩ ዳኛና ከመናፈሻው ባለቤት ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ። ሞት በተሰማ ጊዜ ጥሩምባ ነፊው አስቀድሞ ወደ መናፈሻው ይሂድ፤ ዘፋኙ ድምፅ ማጉያውን ለእርሱ ይልቀቅለት፤ የሟቹም ስምና የቀብሩ ሰዓት ከዚያው መድረክ ይነገር። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ይቀጥል አይቀጥል የሐዘንተኛው ቤት ይጠየቅ። የመናፈሻው ባለቤት በዚያ ቀን ገበያው ቢቀዘቅዝበት፥ ካህኑ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ይህን አንሥቶ ቢናገርለትና ቢያመሰግነው መልካም ነው። በሩ ላይ ለሚቆመው ልጅም ጥሩምባ ነፊውን ትኬት እንዳይጠይቀው ከቀኑ በፊት ይነገረው።